ሳቁ የማን ነው? ለአዋቂ ሰው የልደት ቲሸርት ስለ መምረጥ

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ጊሎቪች ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት ዋናው መሣሪያ አንድ ቲሸርት ነበር። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየጠሩ የዘፋኙ የባሪ ማኒሎው ምስል በትልቁ የታተመበት ቲሸርት አስለበሷቸው። ማኒሎው በ1970ዎቹ ስሙ የገነነ ዘፋኝ ነው፤ ጥናቱ ሲካሄድ ለነበሩት የኮሌጅ ወጣቶች ግን እሱን ደረት ላይ ለጥፎ መታየት የሚያሸማቅቅ ነገር ነበር። ለባሹ ሌሎች ተማሪዎች ወደ ተቀመጡበት ክፍል ይገባል፣ ጥቂት ቆይቶ ይወጣል፣ ከዚያም ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ስንቶቹ የማን ምስል እንደሆነ ለይተው ይናገራሉ? የለባሾቹ አማካይ ግምት ወደ ግማሽ የተጠጋ ነበር። በትክክል የለዩት ሩብ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ።

ለልደት የሚያስቅ ቲሸርት ለማሳተም ያሰበ ሰው ከዚህ ጥናት ብዙ ይማራል። ደረት ላይ የተጻፈ ነገር ከአንባቢው ይልቅ ለባሹን ይከብደዋል። ተመልካቹ አንዴ አንብቦ ያልፋል፤ ለባሹ ግን ሰው ሁሉ እሱን የሚያነብ እየመሰለው ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ባለልደቱ ነው። ይህን ጽሑፍ ደረቱ ላይ አድርጎ ሰው መሃል ሲቆም ደስ ይለዋል? ወይስ ጃኬቱን ይቆልፋል?

ከውስጥ ልብስ እስከ ልደት ስጦታ

ቲሸርት ታሪኩን የጀመረው በውስጥ ልብስነት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1913 ከዩኒፎርም ሥር የሚለበስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ለመርከበኞቹ ማደል ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በሙቀት አገር ምንም ሳይደርቡበት ለበሱት። በሐምሌ 1942 የወጣው የላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይም የአየር ኃይል የተኩስ ትምህርት ቤት ስም የታተመበት ቲሸርት ያደረገ ወታደር ታየ። እ.ኤ.አ. በ1948 ቶማስ ዱዊ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ስማቸውን በቃላት ጨዋታ ያዋዛ የምርጫ ቲሸርት ተሠራላቸው። ዱዊ በሃሪ ትሩማን ተሸነፉ። ቲሸርቱ ግን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል።

ለተራው ሰው ቀልድ በር የከፈተው የህትመት ቴክኖሎጂ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ፕላስቲሶል የተባለው፣ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚለጠጥ ቀለም ለስክሪን ህትመት ዋለ። በ1970ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የገበያ ማዕከሎች ውስጥ ደንበኛው ከግድግዳ ላይ የመረጠውን ምስልና የስሙን ፊደላት እዚያው በጋለ መተኮሻ የሚያትሙ ሱቆች በዙ። አንድ ሰው ለራሱ ብቻ የተሠራ ቲሸርት በደቂቃዎች ይዞ መውጣት ቻለ።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ቲሸርትን የጋራ ደስታ ልብስ አድርጎ የሚያስበው ከታላቁ ሩጫ ጋር አያይዞ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ መስቀል አደባባይን በአንድ ቀለም ያጥለቀልቀዋል። አጭር የሚያስቅ ጽሑፍ መጻፍም ለከተማው እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ የሚለጠፉት ጥቅሶች ተሳፋሪን ሲያስፈግጉ ኖረዋል። የልደት ቲሸርት ቀልድም እንደ እነሱ በአንድ እስትንፋስ ተነቦ የሚያልቅ ሲሆን ያምርበታል።

ስም መጻፍና ሰውን ማወቅ

እ.ኤ.አ. በ2013 ሶሊድ ጎልድ ቦምብ የተባለ ድርጅት በአማዞን በኩል ለሽያጭ ያቀረባቸው ቲሸርቶች ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሱ። ድርጅቱ የታወቀውን የእንግሊዞች የጦርነት ጊዜ ፖስተር አባባል መነሻ አድርጎ፣ ቀሪዎቹን ቃላት ከመዝገበ ቃላት እየለቀመ የሚገጣጥም የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ ከፈበረካቸው ዓረፍተ ነገሮች መካከል በሴቶች ላይ ጥቃትን የሚያበረታቱ ይገኙባቸዋል። ከመለጠፋቸው በፊት ያነበባቸው ሰው አልነበረም። ድርጅቱ ይቅርታ ጠይቆ ቲሸርቶቹን አነሳ።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ዘዴ በሌላ መልክ ተስፋፋ። የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ወርና ሙያቸውን የያዘ የቲሸርት ማስታወቂያ ያዩ ጀመር፤ «በመስከረም የተወለደችን ነርስ አትናቋት» የሚል ዓይነት። ቲሸርቱ ስም አለው፣ ወር አለው፣ ሙያም አለው። ነገር ግን በመስከረም ለተወለዱ ነርሶች ሁሉ እኩል ይስማማል።

ለአንድ ሰው ብቻ የሚስማማ ቀልድ የሚገኘው አብሮት ከኖረ ሰው ዘንድ ነው። ሦስት ምንጮች አሉት። የመጀመሪያው ባለልደቱ አዘውትሮ የሚናገረው ቃል ነው። ሁልጊዜ «ደርሻለሁ» እያለ ገና ከቤት ያልወጣ ጓደኛ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ለእሱ የሚሠራው ቲሸርት ከፊቱ «ደርሻለሁ!»፣ ከጀርባው ደግሞ «ጫማዬን እያሰርኩ ነው» ቢል፣ ቀልዱ ዞር ሲል ብቻ ይጠናቀቃል። ሁለተኛው ምንጭ ሰውየው የሚታወቅበት ፍቅር ነው። እንግዳ ካልጠገበ ዕረፍት የማታገኝ እናት «እዚህ ቤት ‹ጠገብኩ› ማለት ክልክል ነው» የሚል ቲሸርት ብትለብስ፣ ቀልዱ ራሱ ምስጋና ይሆናል። ሦስተኛው ልማድ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጋቢና ተቀምጦ ሾፌሩን ሁሉ የሚያስተምር አባት «ማርሽ ቀይር! ከጋቢና የተላለፈ ትእዛዝ» የሚለውን ሲያነብ ራሱን ወዲያው ያገኘዋል።

እነዚህ ሁሉ ለባሹን ከፍ አድርገው የሚያሳዩ ቀልዶች ናቸው። ቤተሰቡ የሚስቀው በደንብ ስለሚያውቀው ነው፤ እሱም መታወቁን ያያል።

ሳቅ የሚመጣበትና የሚቀርበት ቦታ

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፒተር ማክግሮና ኬለብ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ቀልድን እንዲህ ያስረዱታል፦ ሰው የሚስቀው አንድ ነገር ከተለመደው ሥርዓት ወጣ ሲልበትና በዚያው ቅጽበት ምንም ጉዳት እንደሌለው ሲታወቀው ነው። ሥርዓቱ ካልተነካ ጽሑፉ ይደርቃል። ጉዳት ካለበት ደግሞ ያስከፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጡት ተከታይ ጥናት አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ከባድ መከራ የሚያስቀው በጊዜም በቦታም ሲርቅ ነው፤ ትንሽ ገጠመኝ ግን ትኩስ እያለ ይበልጥ ያስቃል። ባለፈው ሳምንት ያረረ ዶሮ ወጥ ለቲሸርት ጥሩ ነው። ባለፈው ዓመት የፈረሰ ትዳር፣ የተዘጋ ሱቅ ወይም ያልተሳካ የቪዛ ጉዳይ ግን አይነካም።

የካናዳው ተመራማሪ ሮድ ማርቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የሰዎችን የቀልድ ጠባይ በአራት ከፍለዋል። አንደኛው ሰውን የሚያቀራርብ ነው። ሁለተኛው ሰው በችግር ጊዜ ራሱን የሚያበረታበት ነው። ሦስተኛው ሌላውን ይወጋል፤ አራተኛው ራስን ዝቅ ያደርጋል። ለልደት ቲሸርት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አስተማማኝ ናቸው። አራተኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። በራሰ በራነቱ ወይም በውፍረቱ ራሱ የሚቀልድ ሰው ሌላውም እንዲቀልድበት የፈቀደ ይመስላል። እሱ ግን ሲቀልድ ጊዜውንም ሰዎቹንም መርጦ ነው፤ ቲሸርት ላይ ሲታተም ምርጫው ከእጁ ይወጣል። ስለ ሰውነት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጅ መውለድና አለማግባት የሚቀለዱ ቀልዶች ለዚህ ስጦታ አይሆኑም።

ሌላም ችግር አለ። ተመራማሪዎቹ ጄፍ ጋላክ፣ ጁሊያን ጊቪና ኤላነር ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት የጥናቶች ግምገማ፣ ስጦታ ሰጪዎች ዓይናቸውን ስጦታው በሚከፈትባት ቅጽበት ላይ እንደሚተክሉ፣ ተቀባዮች ግን ከዚያ በኋላ ዕቃውን ሲይዙት የሚያገኙትን ጥቅም እንደሚያዩ አሳይተዋል። የልደት ቲሸርት የዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ኬክ ሲቆረስ ቤቱን በሳቅ የሚሞላ ጽሑፍ በማግስቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጥሎ ሊቀር ይችላል። ከግብዣው በኋላ በቅዳሜ ጠዋት ወክ፣ በቤት ጽዳት ወይም በቡና ሰዓት የሚለበስ ከሆነ ስጦታው ተሳክቷል። ለዚህ ሲባል ዕድሜውንና የበዓሉን ቀን በትልቁ ከመጻፍ ይልቅ ሁልጊዜ የሚሠራውን ቀልድ በትልቁ፣ ቀኑን ደግሞ እጅጌው ላይ ወይም አንገቱ ሥር በትንሹ ማስፈር ይሻላል።

ዕድሜ፣ ጥቁር ቀለምና አርባ

በአሜሪካ 40ኛና 50ኛ ልደት የራሱ የቀልድ ወግ አለው። ጥቁር ፊኛ ይሰቀላል፣ የመቃብር ድንጋይ ቅርጽ ያለው ኬክ ይጋገራል፣ ቲሸርቱም ሰውየው ቁልቁለቱን እንደጀመረ ያውጃል። ወጉን የሚወዱት ብዙ ናቸው። ሆኖም ሰው ስለ እርጅና የሚሸከመው አስተሳሰብ ቀላል ነገር አለመሆኑን የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት በኦሃዮ የሚኖሩ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 660 ሰዎችን የተከታተለ ነው። ስለ ራሳቸው እርጅና መልካም አመለካከት የነበራቸው ሰዎች ከሌሎቹ በአማካይ በ7.5 ዓመት በልጠው ኖረዋል። አንድ ቲሸርት ዕድሜ አያሳጥርም። ነገር ግን ዓመታትን እንደ ውድቀት ከሚቆጥር ቀልድ ይልቅ እንደ ክምችት የሚቆጥር ቀልድ የተሻለ ስጦታ ነው።

ይህ የጥቁር ፊኛ ወግ እንዳለ ተገልብጦ ወደ ኢትዮጵያዊ ቤት ሲገባ ነገሩ ይብሳል። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም የሟችን ፎቶግራፍ፣ ስምና የልደትና የሞት ዓመት ያተመ ቲሸርት ለቀብርና ለመታሰቢያ መልበስ የተለመደ ሆኗል። ጥቁር ቲሸርት፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ ስምና ዓመት፦ ይህን ያየች እናት በመጀመሪያ የምታስበው ልደት አይደለም። አርባ ቁጥርም ብቻዋን ደረት ላይ ስትቀመጥ የሙት መታሰቢያን ታስታውሳለች፤ የአርባ ቀን ተዝካር በየቤቱ የሚታወቅ ነውና። በቅርብ ሐዘን ላይ የነበረ ቤተሰብ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶ ከተፈለገ የልጅነት ፎቶ ወይም በእጅ የተሳለ የካርቱን ምስል ይመረጥ። ቀለሙ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሁን። አርባን መጻፍ ካስፈለገ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፤ «በአርባ ዓመቴም መኪና ማቆም አልተማርኩም» የሚለውን ማንም ከሐዘን ጋር አያምታታውም።

የዘመን አቆጣጠሩ ቀልድ

ኢትዮጵያዊ ባለልደት ሌላው ዓለም የሌለው የቀልድ ሀብት አለው። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ለፈረንጆቹ የ1984 ልጅ ነው። ቲሸርቱ ላይ «ከ1976 ጀምሮ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚሠራ ባለልደት ባልደረቦቹ ፊት በድንገት 8 ዓመት ያረጃል። «ዓ.ም.» የሚለው ከተጨመረ ግን አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይስቃል፤ የማያውቀውም ይጠይቃል።

ቀኑም ይንሸራተታል። መስከረም 20 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 30 ላይ ይውላል። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን፣ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ወደ ኦክቶበር 1 ይዘላል። ሁለት ጊዜ ኬክ ለሚቆርስ ሰው ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የጳጉሜ 6 ልጅ ነው። ቀኗ የምትመጣው በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 1979 ዓ.ም. የተወለደ ሰው 40 ዓመት የሚሞላው ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዕለቷ የሚያከብረው ልደት ገና 10ኛው ይሆናል። «ዛሬ አሥር ዓመት ሞላኝ» የሚል ቲሸርት ለእሱ ቀልድም እውነትም ነው። ዕድሜው በሳቅ ይቃለላል፣ ማንም አይነካም፣ ታሪኩም ለጠየቀው ሁሉ የሚተረክ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በስደት ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች የገቡ ብዙ ሰዎች የልደት ማስረጃ ስላልነበራቸው ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀንና እናት የምታስታውሰው ቀን የማይገናኙላቸው አሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የትኛውን ቀን እንደሚያከብር ሳይጠይቁ ቀን ማተም አይገባም።

ማን ይናገር?

ቲሸርት ላይ ያለ ጽሑፍ በለባሹ አፍ የሚነገር ነው። በአማርኛ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ጽሑፉ «አረጀህ» ቢል ልጅ አባቱን፣ ሠራተኛ አለቃውን «አንተ» ያለ ይሆናል፤ «አረጁ» ቢልም የአክብሮቱ ቃል ቀልዱን ያደነድነዋል። በ«እኔ» ሲጻፍ ግን ሁለቱም ይቀራሉ። «አላረጀሁም፣ ልምድ አካበትኩ» የሚለውን ጋሼም እትዬም ክብራቸው ሳይነካ ይለብሱታል።

በውጭ ለሚኖሩ የፊደል ምርጫም ቁም ነገር ነው። በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎዳና ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያነበው ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ የቤት ውስጥ ቀልድ በአደባባይ ለብሶ መሄድ ይቻላል፤ የሚስቀው የገባው ብቻ ይሆናል።

ከሐሳብ ወደ ጨርቅ

ለአንድ ቲሸርት ስክሪን ህትመት አያዋጣም። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ስለሚዘጋጅለት ወጪው የሚቃለለው ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲያሳትም ነው። ለስምና ለአጭር ጽሑፍ በማሽን ተቆርጦ በሂት ፕሬስ የሚጣበቅ ቪኒል ይበቃል። ሰብሊሜሽን ደማቅና ሲነካ የማይታወቅ ህትመት ይሰጣል፤ ቀለሙ በሙቀት ተንኖ የሚዋሃደው ከፖሊስተር ጋር ብቻ ስለሆነ ግን ለጥጥ ልብስ አይሆንም፤ በጥቁር ጨርቅ ላይም አይታይም። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው ዲቲኤፍ ምስሉን መጀመሪያ ፕላስቲክ ፊልም ላይ አትሞ በሙጫ ዱቄትና በሙቀት ወደ ልብሱ ያሸጋግረዋል። በጥጥም በፖሊስተርም፣ በነጭም በጥቁርም ይሠራል፤ ለአንድ ልብስ ባለ ብዙ ቀለም ምስል ምቹው እሱ ነው።

ፎቶ ሲላክ በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፤ በፋይል መልክ መላክ አለበት። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥርት ያለ ህትመት ወደ 3,500 ፒክስል ገደማ ስፋት ያለው ምስል ይፈልጋል። የአማርኛ ጽሑፍም የራሱ አደጋ አለው። በድሮ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። ጽሑፉ ወደ ምስልነት ተቀይሮ ቢላክ፣ ከመታተሙ በፊትም ናሙናው በስልክ ቢታይ ችግሩ ይወገዳል። የስሙ አጻጻፍ ባለልደቱ ራሱ እንደሚጽፈው መሆን አለበት፤ «ፀሐይ» ብላ የምትፈርም ሴት «ጸሃይ» ተብሎ የታተመላትን ስም የራሷ አድርጋ አታየውም።

ልኩን በምስጢር ለማወቅ ባለልደቱ የሚወደውን ቲሸርት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከብብት እስከ ብብትና ከትከሻ እስከ ታች መለካት ይበቃል። «ላርጅ» የሚለው ምልክት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና ሳንቲሜትሩን ለአታሚው መስጠት ይሻላል። የጥጥ ልብስ በመጀመሪያው እጥበት ሊሰበሰብ ስለሚችል ትንሽ ሰፋ ያለው ይመረጥ። ሲታጠብ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ህትመቱ ላይ ካውያ አይሄድም።

ለማሳተም የተነሳ ሰው ልደቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጽሑፉን ለባለልደቱ የትዳር አጋር፣ ለእህቱ ወይም ለቅርብ ጓደኛው ያንብብላቸው። ወዲያው ከሳቁ ይዘዘው። ካመነቱ ግን ምክንያታቸውን ሳይከራከር ይቀበልና ሌላ ቀልድ ይፈልግ፤ ለመቀየር የሚበቃ ጊዜ አለው።